የጊታር ጥለት በደረቅ ቃጫ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ ልባረር ነበር።

ቤቱ ቦንጋ ውስጥ ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ግድግዳው እንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ባለቤቱ ጋሽ ሀብቴ ይባላሉ። በደርግ ጊዜ የአንድ ክፍለ ጦር የሙዚቃ ክፍል ጊታር ተጫዋች ነበሩ፤ ኢሕአዴግ ገብቶ ሠራዊቱ ሲበተን ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በመኪና አገራቸው ገቡና ጊታር መሥራት ጀመሩ። ሰፈሩ መጀመሪያ ላይ "ሀብቴ ሣጥን ላይ ሽቦ ይወጥራል" እያለ ይስቅባቸው ነበር አሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። ባለቤታቸው እትዬ አበራሽና አክስቴ አንድ ዕድር ስለሆኑ "ትጥረግልን፣ እንጨትም ታለስልስ" ተባለና ገባሁ።

ማልጄ ስደርስ ማንም አልነበረም። ወለሉ አፈር ነው፤ በላዩ ላይ የመጋዝ ብናኝ ተከምሯል። የአፈር ወለል በደረቁ እንደማይጠረግ ለማወቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም። ከጓሮ በጆግ ውሃ ቀዳሁና በእጄ እየረጨሁ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ዙሪያውን በገመድ የተጠመጠመ ነገር ተጋድሟል፤ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ወደሱ ስጠጋ ጆጉ ከእጄ ተነጠቀና በበሩ በርሮ ወጣ።

ዞር ስል ጋሽ ሀብቴ ናቸው። ክው አልኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አሉኝ።

"አቧራው እንዳይነሣ ብዬ ነው።"

"አቧራው ይነሣ። ዓይኔ ውስጥ ይግባ። ውሃ ግን እዚህ ቤት አይገባም።"

ለአንድ ጆግ ውሃ ሰው እንዲህ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም። ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር፤ ያቆመኝ የእትዬ አበራሽን ጆግ ሜዳ ላይ ጥዬ መሄድ ስላፈርኩ ብቻ ነው። ጆጉን አንሥቼ ስመለስ ጋሽ ሀብቴ በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ንዴታቸው በርዶ ነበር። ሲቆጡም ሲበርዱም እንደዚያው ናቸው፤ በኋላ ለመድኩት።

የቃጫ ገመድ ይዘዋል። ቃጫ ከእንሰት የሚወጣ ነው፤ በእኛ ከተማ ከገመድ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ገመዱን ከበረንዳው አግዳሚ ላይ አሰሩት፤ ጫፉ ላይ ደህና ድንጋይ አንጠለጠሉና ድንጋዩ መሬቱን ነክቶ እንዲያርፍ አደረጉ። ከሥሩ ቁራጭ ወረቀት አስገቡ። "ሳቢ" አሉኝ። ሳብኩ፣ ወረቀቱ አልወጣም። ከዚያ ጨርቅ በውሃ ነክረው ገመዱን ከላይ እስከ ታች አራሱት። ተቀመጡ፣ እኔም ቆምኩ። ትንሽ ቆይተው "አሁን ሳቢ" አሉኝ።

ወረቀቱ ወጣ። ድንጋዩ ከመሬት ለቆ ነበር። ማንም አልነካውም። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ፣ እጄን አስገባሁ፣ አሁንም አላመንኩም።

"የተገመደ ነገር ውሃ ሲጠጣ ይወፍራል፤ ሲወፍር ያጥራል" አሉ ጋሽ ሀብቴ። "ይህን ድንጋይ ያነሣ ገመድ የጊታር ወገብ ላይ ቢሆን ምን ያደርጋል?"

ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ነገር ጊታር መሆኑ ያኔ ገባኝ። ያን ጊዜ ነው ስሜን የጠየቁኝ።

"ዘነበች" አልኩ።

ወደ ቤት ዞር ብለው "አበራሽ" ብለው ተጣሩ። "ከቦንጋ ልጅ ሁሉ መርጠሽ ዝናብ አመጣሽልኝ?"

በዚህ ዓይነት ተቀጠርኩ።

በሳምንቱ ደግሞ ከዚያ የባሰ አየሁ። ክፍሌ የሚባል አናጢ አለ፤ ሥራው የጊታሩን ሣጥን መሥራት ነው። የዋንዛ ጎን አጉብጦ፣ የዋንዛ ጀርባና የዝግባ ፊት አጣብቆ፣ ለስልሶ ያለቀ ሣጥን አስረከባቸው። እንዴት ያምራል። ጋሽ ሀብቴ ተቀበሉት፣ ዙሪያውን አዩት፣ አንድ ጊዜ በጣታቸው አንኳኩት፣ ከዚያ ጠርዙን መቁረጥ ጀመሩ። ፊቱና ጎኑ የተገናኙበትን፣ ክፍሌ ስንት ቀን ደክሞ ያጣበቀውን ጥግ፣ ዙሪያውን በመሮ ፈልቅቀው አነሡት። እኔ አበዱ ብዬ ክፍሌን አየሁት። ክፍሌ ሻዩን ይጠጣል።

"ምነው ዝም ትላለህ?" አልኩት።

"ጥለት ሊያለብሱት ነው" አለኝ።

ጥለት የሚሉት የነጠላውን ስም ወስደው ነው። ነጠላ ጠርዙ ላይ ጥለት እንዳለው ሁሉ ጊታርም ፊቱና ጎኑ በሚገናኝበት ዙሪያውን ቀጭን ጌጥ ይለብሳል። ላየው ሰው ጌጥ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። የእንጨቱ አፍ ክፍት ሆኖ የሚቀረው በዚያ ጥግ በኩል ስለሆነ እርጥበት የሚገባው በዚያ ነው። የቦንጋን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን አይጠይቅም። ጊታር ሲወድቅም ሲጋጭም ቀድሞ የሚመታው ያው ጥግ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ልንገር። መጀመሪያ መስመር ማውጫ ነው። ጋሽ ሀብቴ ራሳቸው የሠሩት፣ ጫፉ ላይ የተሳለ ምስማር የተተከለበት ቁራጭ እንጨት ነው፤ ጎኑን ተደግፎ ሲሄድ መስመር ይበጣል። አንድ መስመር በፊቱ፣ አንድ መስመር በጎኑ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ጥግ በመሮ ይነሣና ትንሽ ቦይ ይሆናል። ሣጥኑ የማይከፈተው ከውስጥ በኩል ዙሪያውን ማገር ስላለው ነው። ቦዩ ከጠለቀ ማገሩን በልቶ ያልፋል፣ የቀን ብርሃን ወደ ውስጥ ዘልቆ ይታያል። ቀን የታየበት ጊታር ከእንግዲህ ለማገዶ ነው።

ጥለቱ ቀርከሃ ነው፤ የቀርከሃው የላይኛው ቆዳ። በቢላዋ ይሰነጠቃል፣ በጠርሙስ ስባሪ እየተፋቀ ይሳሳል፣ ይቀቀላል፤ እሱም ጓሮ ነው የሚቀቀለው። ከዚያ ፍም በተሞላ የብረት ቧንቧ ላይ ቀስ ተብሎ ይጎብጣል። የቸኮለ ይሰብረዋል፣ የፈራ ያሳርረዋል። ሲደርቅ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይለካል፣ ኮላ ይቀባል፣ ከዚያ ጊታሩ በሙሉ በደረቅ የቃጫ ገመድ ይጠመጠማል። ወገቡ ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ ገመዱ እዚያ አይደርስም፤ በገመዱና በጥለቱ መካከል የእንጨት ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁ ነው ወገቡን የሚጫነው። በማግሥቱ ገመዱ ይፈታል፣ ትርፉ ይፋቃል።

መጨረሻ ላይ የጋሽ ሀብቴ ፈተና አለ። ዓይናቸውን ይጨፍኑና የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በጥለቱ ዙሪያ ያስኬዱታል። ጥፍራቸው አንድ ቦታ ከያዘ "እዚህ" ይላሉ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ እርሳስ ያነሡና ምልክት ያደርጋሉ። ሥራው እንደገና ነው።

እኔ መጥረግ ላይ ብዙም አልቆየሁም። ቀርከሃ መሰንጠቅ ሞከርኩ፣ ጣቴ ቢቆረጥም እጄ ለመደው፤ አንድ ቀን ጋሽ ሀብቴ ቢላዋውን ከነሰገባው ሰጡኝና "ካሁን ወዲያ ጥለቱ ያንቺ ነው" አሉ። ማዕረጋችን እንዲህ ሆነ፦ ክፍሌ ሣጥን ሠሪ፣ እኔ ጥለት ያዥ፣ ጋሽ ሀብቴ አንገትና ድምፅ። አንድም ቀን ግን የእኔን ጥለት ምልክት ሳያደርጉ አሳልፈው አያውቁም። አንድ "እዚህ" አለ፣ ሁልጊዜ። አንድ ጊዜ ተናድጄ፣ "ጋሼ፣ ጥፍርዎን ቢቆርጡት ኖሮ ስንት ጊታር አልቆ ነበር" አልኳቸው። እትዬ አበራሽ ከጓዳ ሆነው ሲስቁ ሰማሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ምልክቱን ብቻ አደመቁት።

ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነበሩ። ከደካና ከቢታ ገነት ከተሞችም ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ባለሙያ ለመሥሪያ ቤቱ የሙዚቃ ቡድን ጊታር ሊያዝ መጣ። ያለቀውን እያገላበጠ አየና "ጋሽ ሀብቴ፣ ዲዛይኑ ላይ ትንሽ ኮሜንት አለኝ። ይሄ ጠርዙ ፕላስቲክ ቢሆን ሞደርን ይሆናል" አለ።

"የኔ ልጅ፣ እናትህ ነጠላ ይለብሳሉ?" አሉት።

"አዎ።"

"ጥለቱ ፕላስቲክ ነው?"

ልጁ ሳቀና ቀርከሃውን አዘዘ። ጋሽ ሀብቴ በዚህ ዓይነት ሰው አያስቀይሙም ነበር፤ ቁጣቸው ለእኛ ለቤተኞቹ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ በተፈጥሮዬ ደንጋጭ ነኝ፤ ድመት ከቆርቆሮ ብትዘል እጮኻለሁ። መደንገጥ በነበረብኝ ሰሞን ግን አልደነገጥኩም። ጋሽ ሀብቴ አንድ ቀን ለአንድ ጊታር የሚሆን ቀርከሃ አጎበጡ፤ ከሰዓት በኋላ ለዚያው ጊታር እንደገና አጎበጡ። መጠባበቂያ ነው ብዬ ሰቀልኩት። ክፍሌ ጅማ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ከርሞ ሳለ "ክፍሌን ጥሪው" አሉኝ። ሲቀልዱ መሰለኝና "ጮክ ብዬ ልጥራው?" አልኩ። እሳቸው ግን በሩን እያዩ ይጠብቁ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ከዋጫ ከተማ ወንድም ጳውሎስ የሚባል ሰው የመጣው። የአንድ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። መዘምራኑ በየሰው ማሳ ቡና እየለቀሙ ተባብረው ነው ጊታሩን የሚያሠሩት። ክረምቱ ሲወጣ ትልቅ ጉባኤ አላቸው፣ ከየአካባቢው መዘምራን ይመጣሉ፣ እነሱ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በጭብጨባ ነበር የሚዘምሩት። "ጋሽ ሀብቴ፣ የእርስዎ እጅ ይሁንበት ብለው ነው የላኩኝ" አለ። ጋሽ ሀብቴ "ይደርሳል" አሉ። በዚያ አገር ጋሽ ሀብቴ ይደርሳል ካሉ ይደርሳል፤ የምንበላው በዚያ ቃል ነበር።

ሣጥኑን እሳቸው ራሳቸው ሠሩት። ዘገየ፣ ግን አማረ። ጥለቱን እኔ ገጠምኩ፣ ኮላውን ቀባሁ፣ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ የከረመ ደረቅ ቃጫ አውርጄ ጠመጠምኩ፣ ወገቡ ላይ ሽብልቆቹን አስገባሁ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ከበሩ ርቆ እንዲያድር ጠረጴዛውን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ወንድም ጳውሎስ በማግሥቱ ሊያየው ቀጠሮ ነበረው።

ጠዋት ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኝ ሮጬ ገባሁ።

ጋሽ ሀብቴ ናቸው። ጆግ ይዘዋል። ጣታቸውን እየነከሩ ወለሉን ይረጫሉ፤ ረጋ ብለው፣ አንድም ቦታ ሳይዘሉ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱም አልዘለሉም። የተጠመጠመው ገመድ ላይ ውሃው ይወርዳል። ገመዱ ጠቁሯል። ገመድ የሚጠቁረው ሲርስ ነው።

"ጋሼ" አልኩ። አልሰሙኝም። ደግሜ "ጋሼ" አልኩ።

ዞር ብለው ፈገግ አሉልኝ። እንደዚያ ያለ ፈገግታ ከእሳቸው አይቼ አላውቅም።

"አቧራው እንዳይነሣ ብዬ ነው" አሉ። "እማዬ ሳትነሣ ልጨርስ።"

እናታቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሄጄ ጆጉን ከእጃቸው ወሰድኩ፤ ዝም ብለው ሰጡኝ። ያን ጊዜ ጊታሩ ጧ አለ።

ጆጉን በአንድ እጄ እንደያዝኩ በሌላው ቢላዋ አነሣሁና ገመዱን መቁረጥ ጀመርኩ። ገመዱ እንደ ብረት ተወጥሯል፤ እየተበጠሰ ፊቴን ይገርፈኛል። አልደረስኩበትም። በግራ በኩል ያለው ሽብልቅ ሰምጦ ወገቡን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆታል። በቀኙ ደግሞ ሌላ ስንጥቅ ጀምሯል።

ድምፁ ጋሽ ሀብቴን የቀሰቀሳቸው ይመስለኛል። ቀርበው ገመዱን በጣታቸው ነኩ። ጣታቸውን አዩ። ፊታቸው ተለወጠና የማውቃቸው ጋሽ ሀብቴ ሆኑ። በዚያች ሰዓት ወንድም ጳውሎስ ጃኬቱን እያራገፈ በበሩ ገባ፤ ከዋጫ ሌሊት በተነሣ አይሱዙ ነው የመጣው። ከኋላው እትዬ አበራሽ ቆመዋል።

"ውሃ ያስነካው ማነው?" አሉ ጋሽ ሀብቴ።

ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ። ጆጉ እጄ ላይ ነበር።

እትዬ አበራሽን አየኋቸው። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል፤ ዓይናቸው ይለምነኛል። ያኔ ነው የገባኝ፤ እሳቸው ያውቃሉ፣ ካወቁም ቆይተዋል። ክፍሌን ልጥራ ብዬ ስቀልድ፣ ቀርከሃውን ስሰቅል፣ ስስቅ፣ ሁሉን ያዩ ነበር። ከጊታሩ መሰንጠቅ ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አልኩ። "አቧራው እንዳይነሣ ብዬ ነው።"

"ውጪ" አሉ። አልጮኹም። "መጀመሪያውኑ ዝናብ ነሽ ብያለሁ። ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳላይሽ።"

ወጣሁ። ዳገቱን እያለቀስኩ ወረድኩ፤ ስድብ ለምጃለሁ፣ ያስለቀሰኝ ስድቡ አይደለም። ያ ፈገግታ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ ነው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አበራሽ አክስቴ ቤት መጡ። ተቀመጡ፣ ውሃ ለመኑ፣ ጠጡ።

"ለሰው አልተናገርኩም" አሉኝ። "ሀብቴ ረሳ ከተባለ ማን ጊታር ያዛል? ሰው እንጨቱን ሳይሆን እሱን ነው የሚገዛው። ደግሞ ሥራ ከከለከልኩት በምን ይኖራል? ነገ ነይ፣ የኔ ልጅ።"

"አባረውኛል እኮ።"

"ነገ አያስታውሰውም" አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ሚስት በረጋ አፍ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። አክስቴ ብርጭቆውን ተቀብላ ጓዳ ገባች።

በማግሥቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ጋሽ ሀብቴ ቀና አሉ።

"አረፈድሽ" አሉኝ።

"ዝናቡ ይዞኝ ነው።"

"ይህ ጊታር ምን ነካው?" ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠቆሙኝ። "ወገቡ ተሰንጥቋል። የማን ነው?"

"የዋጫ መዘምራን ነው ጋሼ። እናድነዋለን?"

ጎንበስ ብለው አዩት። ስንጥቁን በጥፍራቸው ተከተሉት። ስለ እንጨት ሲሆን አንድም ነገር አልረሱም ነበር። "ስንጥቅ አይደበቅም" አሉ። "ከደበቅሽው ያሳጣሻል። ጥለት አልብሺው።"

የተሰነጠቀውን ከውስጥ በቁራጭ ዋንዛ ደገፍኩት። እጄን በድምፅ መውጫው ቀዳዳ አስገብቼ፣ ሳላይ፣ በዳበሳ ነው የለጠፍኩት። ከዚያ ከላይኛው ጥለት እስከ ታችኛው ጥለት፣ በግራም በቀኝም፣ ወገቡ ላይ ሦስት ሦስት የቀርከሃ ስንጣቂ አወረድኩለት፤ መካከለኛው በስንጥቁ ላይ ይሄዳል። ጊታሩ መቀነት የታጠቀ መሰለ። ጋሽ ሀብቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥፍራቸውን አስኬዱ። "እዚህ" አሉ። ደስ አለኝ። እርሳሱን ራሴ አቀበልኳቸው።

ወንድም ጳውሎስ ሊወስደው ሲመጣ ክሩን ሳብ ሳብ አደረገና ድምፁን ሰማ፤ ከዚያ መቀነቱን በጣቱ ዳሰሰ። እስከ መንገዱ ሸኘሁት።

"እህት ዘነበች" አለኝ። "ያን ቀን የጋሽ ሀብቴ እጅጌ እስከ ክርናቸው ርሶ ነበር።"

ጊታሩን የሚጠቀልልበትን ላስቲክ ዘርግቼ ያዝኩለት።

"ለመዘምራኑ ምን ብለህ ነገርካቸው?" አልኩት።

"ዝናብ ነው አልኳቸው" አለና ጊታሩን በላስቲክ ጠቅልሎ አይሱዙው ላይ ወጣ።

ክረምቱ ወጣ፣ ጉባኤው ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬም ስናገር ይገርመኛል። ከቢታ ገነት የመጡ ደንበኞች "እንደ ዋጫው መቀነት ያለው ይሁንልን" አሉ። ከደካም መጡ፣ እንደዚሁ። ያ ስንጥቅ ባይኖር ኖሮ ያ ጌጥ አይኖርም ነበር። አሁን አንዳንድ ወጣት ሠሪዎች መቀነቱን ያደርጉና ከጥንት የመጣ የከፋ ሕዝብ ጥበብ ነው ብለው ለገዥ ያስረዳሉ። ስሰማ ቀርከሃዬን መፋቄን እቀጥላለሁ።

እኔና እትዬ አበራሽ ሳንመካከር ተስማማን። ጆጉም ባልዲውም ሌሊት ሌሊት ከእሳቸው ጓዳ ይቆለፍበታል፣ ጠዋት ከጋሽ ሀብቴ በፊት እኔ እደርሳለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ጋሽ ሀብቴ ሰላም ይላሉ፣ ቀጠሮውን እኔ እይዛለሁ። አንገቱንም ድምፁንም ቀስ በቀስ ተማርኩ፤ ሲያስተምሩኝ አዲስ ሰው የሚያስተምሩ እየመሰላቸው ነበር፤ አንዱን ነገር ስንት ጊዜ ነገሩኝ። እኔም ስንት ጊዜ እንደ አዲስ ሰማሁ። ብዙ ቀን የተሻለ የገባኝ በመደጋገሙ ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቀርከሃ መሰንጠቅ ብቻ ነበር ሥራቸው። ስሜ ከጠፋባቸው ቆይቷል። ቢላዋው ግን ከእጃቸው አልጠፋም፤ የሚሰነጥቁት ቀርከሃ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነበር።

አንድ ቀን ጥለቱን የጨረስኩትን ጊታር ይዤ ወጣሁና ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። እንዲህ የማደርገው እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥፍራቸውን ከአንገቱ ሥር አስነሥተው በወገቡ በኩል ወደ ታች፣ ዞረው ወደ ላይ መጡ። እርሳሱን ይዤ እጠብቃለሁ። እንደገና ዞሩ። አላቆሙም። የተነሡበት ቦታ ደረሱና ዓይናቸውን ገለጡ።

"እዚህ" አላሉም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም።

"ይህን የሠራው ማነው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አላወቁኝም።

"እጅሽ ጥሩ ነው" አሉ። "ሥራ ትፈልጊያለሽ?"

"እፈልጋለሁ።"

ወደ ቤቱ፣ ወደ ራሳቸው በር ጠቆሙኝ። "እዚያ ሀብቴ የሚባል ጊታር ሠሪ አለ። ቁጡ ነው፣ ግን ክፉ አይደለም። ሂጂ፣ ይቀጥርሻል። ውሃ ብቻ ይዘሽ እንዳትገቢ።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ጊታሩን ከጭናቸው ተቀብዬ፣ በጠቆሙኝ በር ገብቼ፣ ሥራዬ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ቢላዋ መያዝ አልቻልኩም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው አጭር ነው። ቃጫ በደረቁ ይታሰራል። ውሃ ከበር ውጭ ይቀመጣል። ያስተማራችሁ ሰው መርሳት ሲጀምር ጆጉን እናንተ ደብቁት።